ለበዓል ተሠርቶ ለወዳጅ ስለሚላክ ጣፋጭ

የልደት በዓል ሲቃረብ ብዙ እመቤቶችና ወጣቶች ከሱቅ የተገዛ ጥቅል ከመላክ ይልቅ በገዛ እጃቸው የሰሊጥ ወይም የለውዝ ከረሜላ ሠርተው፣ በወረቀት ጠቅልለው፣ ለጎረቤት፣ ለአበልጅ፣ ለልጃቸውም መምህር ይልካሉ። የጤና አጠባበቅ ሰው ስለ ጣፋጭ ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሣ ሊከለክል ነው ብሎ የሚሠጋ አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ስጦታው ከሚደርሳቸው ሰዎች መካከል ነን፤ በደረሰንም ጊዜ ደስ ይለናል። ስለዚህ የምንጽፈው ልማዱ እንዲቀር ሳይሆን በደኅና እንዲሠራ ነው።

ነገሩን አስቀድሞ ማሰብ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ለገዛ ቤት የተሠራውን ምግብ ባለቤቲቱ በዓይንዋ ታየዋለች፤ ቢበላሽ ትጥለዋለች፤ ለማን እንደሚሰጥና ለማን እንደማይሰጥም ታውቃለች። ስጦታ ሆኖ ከደጅ የወጣው ግን ከዚያ በኋላ ጠባቂ የለውም። ስንት ቀን በሣጥን ውስጥ እንደሚቆይ፣ የስድስት ወር ሕፃን ይቅመሰው ወይም የስኳር በሽታ ያለባቸው ሽማግሌ ይብሉት፣ ሠሪዋ አታይም። ተቀባዩም ከአክብሮት የተነሣ ምን እንዳለበት አይጠይቅም፤ የመጣን ስጦታ አገላብጦ መመርመር በእኛ ዘንድ ነውር ነውና። እንግዲህ መመርመር የሚገባው ላኪው ነው።

አያቶቻችን እንደዚህ ከዓይን የሚርቅ ምግብ ማሰናዳት ያውቁ ነበር፤ ስሙንም ስንቅ ይሉታል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ጭኮ፣ እነዚህ ሁሉ የመንገደኛ ምግቦች በአንድ ነገር ይተባበራሉ፤ ይኸውም ውኃቸው በእሳት ወይም በፀሐይ የወጣ መሆኑ ነው። ጭኮ ቅቤ ቢኖርበት እንኳ ቅቤው የተነጠረ ነው፤ ቅቤ ሲነጠርም በድስቱ ውስጥ የሚንጣጣው ውኃው እየለቀቀ ሲሄድ ነው። ምግብን የሚያበላሹት ረቂቅ ተሐዋስያን እንደ ማናቸውም ሕይወት እንዳለው ፍጥረት ውኃ ካላገኙ ሊባዙ አይችሉም። ለወዳጅ የሚላክ ጣፋጭም እንደ ስንቅ ታስቦ መሠራት አለበት እንላለን።

ስኳር በዚህ ሥራ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት ማርን መመልከት ይበቃል። ማር ከመቶው 18 እጅ ያህል ውኃ ሳለበት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ አይበሰብስም፤ ምክንያቱም ጣፋጩ ነገር ውኃውን አጥብቆ ስለሚይዘው ለተሐዋስያን የሚተርፍ የለም። ያንኑ ማር በውኃ በጥብጠን ብርዝ ብናደርገው ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ይፈላል፤ ጌሾ ቢጨመርበትም ጠጅ ይሆናል። ማሩ ያው ማር ነው፤ የተለወጠው የውኃው መብዛት ብቻ ነው። መምህራን ይህን በሁለት ብርጭቆ፣ አንዱን በማር፣ ሁለተኛውን በብርዝ ሞልተው በመስኮት አጠገብ በማስቀመጥ ለተማሪዎቻቸው በአንድ ሳምንት ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ከብዙ ንግግርም ይልቅ ያስተምራል።

ከዚህ የምንረዳው ወተት፣ ክሬም፣ እንቁላል ወይም ትኩስ ፍራፍሬ የገባበት ጣፋጭ በቤት ተሠርቶ በዕለቱ ቢበላ መልካም መሆኑን፣ ለመላክ ግን የማይስማማ መሆኑን ነው። ለመላክ የሚሆነው የደረቀው ነው። ከደረቁም መካከል አሠራሩ የቀለለው የሰሊጥ ከረሜላ ስለ ሆነ እርሱን እንገልጻለን።

ሁለት የውኃ ብርጭቆ የሚሆን ሰሊጥ፣ ማለት 300 ግራም ያህል፣ ተበጥሮ፣ ድንጋዩ ተለቅሞ፣ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ከደረቀ በኋላ በመጥበሻ ይታመሳል። መልኩ ወርቅማ ሲሆንና መንጣጣት ሲጀምር ይወርዳል። በሌላ ወፍራም ድስት ውስጥ 400 ግራም ስኳር፣ እርሱም ሁለት ብርጭቆ ግድም ነው፣ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ጥቂት ጨው ይደረጋል። ሎሚው ለጣዕም ብቻ የገባ አይደለም፤ ከስኳሩ ከፊሉን ወደ ሌላ ዓይነት ስኳር ስለሚለውጠው፣ ተመልሶ እንዳይረጋና እንደ አሸዋ እንዳይሆን ይከለክለዋል። ስኳሩ እስኪሟሟ ድረስ ይማሰላል፤ መፍላት ከጀመረ በኋላ ግን ማማሰያው ይወጣል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ውኃውን ማስወጣት ነው። የፈላው ስኳር ሙቀቱ ከፍ ባለ መጠን በውስጡ የቀረው ውኃ ያነሰ ነው። ከባሕር ወለል ጋር በተስተካከለ አገር ሙቀቱ 115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ከመቶው 15 እጅ ያህል ውኃ ገና ይቀረዋል፤ 150 ዲግሪ ሲደርስ የሚቀረው 1 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ከረሜላው ሲቀዘቅዝ እንደ መስተዋት የሚሰበረው ያን ጊዜ ነው።

እኛም ይህን በመጽሐፍ ተምረን፣ ከውጭ አገር በተመለስንበት ዓመት፣ በልደት ዋዜማ በአዲስ አበባ ቤታችን ቴርሞሜትር በድስቱ ውስጥ አቁመን 150 ዲግሪ እስኪደርስ በትዕግሥት ጠበቅን። ስኳሩ ጠቆረ፤ የጨመርንበትም ሰሊጥ መረረ። መጽሐፉ አልዋሸም፤ ነገር ግን የተጻፈው በቆላማ የባሕር ጠረፍ ለሚኖሩ ሰዎች ነበረ። ከፍ ባለ አገር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትር ከፍታ የመፍያው ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በአዲስ አበባ፣ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው። ስለዚህ የውጭ አገር መጽሐፍ 150 ዲግሪ ያለውን እኛ 142 ዲግሪ ብለን ማንበብ ነበረብን፤ በድሬዳዋ ያለ ሰው ደግሞ 146 ይላል። ይህን ስሌት ያስተማሩን መምህሮቻችን ነበሩ፤ በሥራ ላይ ማዋሉን ግን በድስቱ ፊት ረሳነው።

በዚያ ምሽት አጠገባችን ተቀምጠው ዝም ብለው ይመለከቱ የነበሩት አክስታችን፣ «ልጄ፣ እሱን ብርጭቆህን ተወውና በማንኪያ ጠብ አድርገህ እየው» ብለው አንድ ሲኒ ቀዝቃዛ ውኃ አቀረቡልን። ከሚፈላው ስኳር ጥቂት ጠብታ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ተሰብስቦ እንደ ሊጥ ቢለሰልስ ውኃው ገና ብዙ ነው። ቢጠነክርና ሲታጠፍ ቢታጠፍም አልደረሰም። በጣት ሲይዙት ቀጭ ብሎ ቢሰበር ደርሷል፤ ድስቱም ሳይዘገይ ከእሳት ይውረድ። ይህ ፈተና በጎንደርም ቢሆን በአዋሽ ቆላ እኩል ይሠራል፤ ቀዝቃዛው ውኃ የአገሩን ከፍታ አይጠይቅምና። ለዚህ ሥራ ቴርሞሜትር መግዛት አያስፈልግም ብንል ሙያችንን የካድን አይመስለንም።

ስኳሩ ሲደርስ የታመሰው ሰሊጥ ገብቶ በፍጥነት ይታሻል፤ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ፈስሶ ዘይት በተቀባ መዳመጫ ይዳመጣል፤ ሳይበርድም በቢላዋ ይቆረጣል። ቁራጩ ትንሽ ይሁን። ከላይ የተጻፈው መጠን 80 ቁራጭ ቢወጣው በእያንዳንዱ ውስጥ 5 ግራም፣ ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 በፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው ምክር በቀን የምንበላው የተጨመረ ስኳር ቢቻል ከ25 ግራም ግድም እንዳያልፍ ያሳስባል። ትልቅ ቁራጭ የተሰጠው ልጅ ትልቁን ይጨርሳል፤ ትንሽ የተሰጠውም እንዲሁ አንዱን ጨርሶ ይሄዳል። ጥርስን በተመለከተ፣ ቀኑን ሙሉ በጉንጭ ይዞ ከመዋል ከምግብ በኋላ በልቶ በውኃ መጉመጥመጥ ይሻላል።

ስለ ቃጠሎ ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። የደረሰ ስኳር ከሚፈላ ውኃ በ50 ዲግሪ ያህል የበለጠ ይሞቃል፤ ከዚህም በላይ እንደ ውኃ ወርዶ አይሄድም፤ በቆዳ ላይ ተጣብቆ ያቃጥላል። ስለዚህ በበዓል ጥድፊያ ልጆች ከምድጃው አጠገብ እንዳይቆሙ፣ የድስቱም እጀታ ወደ ውጭ እንዳይዞር ይሁን። ልጆች ሥራውን ሊካፈሉ ከወደዱ ሰሊጡን ይልቀሙ፣ ወረቀቱን ይቁረጡ። አደጋ ቢደርስ የተቃጠለው አካል ወዲያው በቀዝቃዛ የሚወርድ ውኃ ሥር 20 ደቂቃ ይቆይ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባ፤ የተጣበቀውም በኃይል አይላጥ። ቃጠሎው ሰፋ ያለ ቢሆን ወይም በፊት፣ በእጅ መዳፍ ላይ ቢሆን፣ ወይም ሕፃን ቢቃጠል ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

በሰሊጥ ፈንታ ለውዝ ወይም ኦቾሎኒ የሚያደርጉ ብዙዎች ናቸው። ከሐረርጌ፣ ይልቁንም ከባቢሌ የሚመጣው ለውዝ ጣዕሙ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከዚህ ዕቃ ጋር የሚመጣ አንድ ጠላት ስላለ በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት እንቆያለን።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 በእንግላንድ ከ100,000 የሚበልጡ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ተላላፊ በሽታ ነው ተብሎ ቢመረመር አልተገኘም። በመጨረሻ ምክንያቱ ከብራዚል በመጣ የለውዝ ፋጉሎ ውስጥ የበቀለ ሻጋታ መሆኑ ታወቀ። የሻጋታው ስም አስፐርጊለስ ፍላቩስ ስለ ሆነ መርዙን ከዚሁ ስም አውጥተው አፍላቶክሲን አሉት። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በጥቂት በጥቂቱ ለብዙ ዓመት የተበላ እንደ ሆነ የጉበት ነቀርሳ ያመጣል፤ የጉበት በሽታ ቫይረስ ቢ ባለበት ሰው ላይም አደጋው ይብሳል። ብዙ ሆኖ በአንድ ጊዜ ከተበላም ፈጥኖ ይገድላል፤ በ2004 በጎረቤታችን በኬንያ የሻገተ በቆሎ ከበሉ ሰዎች 317 ታመው 125 ሞተዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይህ ነው፤ እሳት ሻጋታውን ይገድላል እንጂ መርዙን አያስለቅቅም። መቀቀልም፣ ማመስም፣ በሚፈላ ስኳር ውስጥ መክተትም በቂ አይደለም። እንዲያውም ጣፋጭ ውስጥ ሲገባ ጉዳቱ ይብሳል እንላለን፤ ስኳሩ መራራውን ጣዕም ሸፍኖ፣ ምላስ ሊተፋው የሚገባውን ያስውጠዋልና። ስለዚህ ያለን መከላከያ ዓይንና ጣት ነው። ለውዝ ከተቻለ ከነቅርፊቱ፣ ቅርፊቱ ያልተሰበረና ያልጠቆረ ይገዛ። በቤት ይፈልፈል፤ ቅርፊቱ ቶሎ እንዲለቅ ተብሎ በውኃ አይረስርስ። ከታመሰ በኋላ ቀይ ገለፈቱ በእጅ ታሽቶ ቢለይ ፍሬው በግልጥ ይታያል። የጨለመው፣ የተጨማደደው፣ የተበሳው፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ አቧራ የመሰለ የያዘው ሁሉ አንድ በአንድ ተለቅሞ ይጣል፤ ለዶሮም ሆነ ለላም አይሰጥ፤ በዶሮዋ እንቁላል ባይሆን በላሚቱ ወተት ወደ እኛው ይመለሳልና። ከኪሎው ሩብ ቢጣል ዋጋው ያሳዝናል፤ ነገር ግን ይህን መልቀም ማንም ከእኛ በኋላ ሊሠራልን አይችልም፤ በስኳር ከተሸፈነ ወዲያ ተቀባዩ ሊለየው አይችልምና።

ስለ እጅ ንጽሕና ይህ ጽሑፍ በየወሩ ስለሚናገር በአጭሩ እንለፍ፤ አንድ ነገር ግን እንጨምር። ደረቅ ጣፋጭ ተሐዋስያን እንዳይባዙ ይከለክላል እንጂ ሁሉንም አይገድልም። በ2001 ከሰሊጥ የተሠራ ሐላዋ ሳልሞኔላ የተባለውን ተሐዋሲ ይዞ በአውስትራሊያ፣ በስዊድንና በኖርዌይ ሰዎችን አሳምሟል። ምድጃው የሚያጠራው ከእሳት በፊት የነበረውን ነው፤ የሚቆርጠውና የሚጠቀልለው እጅ ግን ከእሳት በኋላ ይመጣል። ስለዚህ እጅ በሳሙና የሚታጠበው በሥራው መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን ለመጠቅለል ሲቀመጡም ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሰው ካቆመለት በኋላ ሁለት ቀን እስኪያልፍ ይህን ሥራ ለሌላ ይተው።

መጠቅለያው ንጹሕ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ወይም ሰም የተቀባ ወረቀት ቢሆን ደኅና ነው። የጋዜጣ ወረቀትና የተማሪ ደብተር አይሁን፤ ቀለማቸው ለምግብ የተሠራ አይደለም። እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ተጠቅልሎ፣ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ ይቀመጥ። ሳይበርድ ቢዘጋበት እንፋሎቱ ወደ ውኃ ተመልሶ የደከምንበትን ድርቀት ያጠፋዋል።

አንዳንዶች ከረሜላው ቀይና አረንጓዴ እንዲሆን ከገበያ በጥቅል ወረቀት የሚሸጥ፣ ስምም አምራችም ያልተጻፈበት ቀለም ይጨምራሉ። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። የሰሊጥ ወርቅማ መልክ ይበቃዋል፤ ቀይ ለሚወድም የቀይ ሥር ጭማቂ አለ፤ እርሱም በውኃው ፈንታ በመጀመሪያ ይገባል፤ ምንም እንኳ በእሳት ብዛት ቢደበዝዝም።

ስም የሌለው ዱቄት ምን እንደሚያደርግ በ1858 በእንግላንድ አገር በብራድፎርድ ከተማ ታይቷል። በዚያን ጊዜ ስኳር ውድ ስለ ነበረ አንድ ከረሜላ ሠሪ እንደ ዘመኑ ልማድ በርካሽ ነጭ ዱቄት ሊያበዛው ፈለገና ወደ መድኃኒት ሻጭ ላከ። የሻጩ ረዳት ዱቄቱ በየትኛው በርሜል እንዳለ ሳያረጋግጥ፣ በስሕተት ከሌላው በርሜል አርሴኒክ የተባለውን መርዝ መዝኖ ሰጠ። ከረሜላው በገበያ ተሸጠ፤ 20 ያህል ሰዎች፣ ሕፃናትም ሳይቀሩ ሞቱ፤ ከ200 የሚበልጡም ታመሙ። ሁለቱም ዱቄቶች ነጭ ነበሩ። በየቤታችን ጓዳ ውስጥስ የመጋገሪያ ዱቄት፣ የአይጥ መድኃኒትና የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ስም ሳይጻፍባቸው ጎን ለጎን የተቀመጡበት ስንት ነው? ከበዓሉ ሥራ በፊት ጓዳውን መፈተሽ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ስጦታውም ራሱ ስሙ ይጻፍበት። ይህ በአገራችን ያልተለመደ ስለ ሆነ ለወዳጅ ደረሰኝ መላክ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን ተቀባዩ አፍሮ የማይጠይቀውን ሳይጠየቅ መመለስ አክብሮት ነው። በጾመ ነቢያት ለሚጾም ሰው ቅቤ ወይም ወተት እንዳለበትና እንደሌለበት ይነግረዋል። ለውዝ ወይም ሰሊጥ የማይስማማቸው፣ ጥቂት ቀምሰው ፊታቸው የሚያብጥና ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰዎች አሉ። የስኳር በሽታ ያለበትም በድፍረት ሳይሆን በማወቅ ይቀምሳል።

ከሁሉ በላይ ስለ ሕፃናት ይጻፍ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሙሉ ለውዝና ጠንካራ ከረሜላ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባበት ስለሚችል አይሰጠው። ማር ያለበት ጣፋጭ እንደ ሆነ ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በጣት እንኳ አይላስ። በማር ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያመጣ ተሐዋሲ ዘር ሊኖር ይችላል፤ ትልቅ ሰውን አይጎዳም፤ በጨቅላ አንጀት ውስጥ ግን በቅሎ የሰውነትን ጡንቻ ሁሉ የሚያደክም መርዝ ያወጣል። ይህ የሕፃናት በሽታ ተለይቶ የታወቀው በ1976 ስለ ሆነ እናቶቻችን አላወቁትም ብሎ መውቀስ አይገባም። ዘሩ ሙቀትን የሚቋቋም ስለ ሆነ ማሩን አፍልተነዋል በማለት መተማመን አይቻልም።

ጽሑፉ ረጅም እንዲሆን አያስፈልግም። ከዚህ በታች ያለው ባለፈው ዓመት በቤታችን ጠርሙስ ላይ የተለጠፈው ነው፤ የወደደ ሊገለብጠው ይችላል።

«የሰሊጥ ከረሜላ። ስኳር፣ ሰሊጥ፣ ሎሚ፣ ጨው፣ ዘይት አለበት። ቅቤ፣ ወተት፣ ማርና ለውዝ የለበትም። ታኅሣሥ 24 ቀን ተሠራ፤ በደረቅ ስፍራ ተከድኖ ቢቀመጥ አንድ ወር ይቆያል። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥ። እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ።»